ሁለቱ ሴቶችና የማለዳው ቫን

ሐኪሙ «ለጊዜው መኪና መንዳት የለም» ሲለኝ እጆቼን ነው ያየሁት። ለብዙ ዓመታት ኧርቪንግ ውስጥ በአንድ ሆቴልና በኤርፖርቱ መካከል ሻትል ስነዳ ኖሬ፣ መሪ ላይ ካልሆኑ የት እንደማስቀምጣቸው ጠፋኝ። ጭኔ ላይ አደረግኳቸው። የሌላ ሰው ዕቃ የያዝኩ መሰለኝ።

አንድ እሁድ ጠዋት ቤቴ ውስጥ ወተት ላወጣ ፍሪጅ ከፍቼ ነበር የወደቅኩት። እኔ የማስታውሰው የፍሪጁን መብራት ብቻ ነው፤ መጀመሪያ ትንሽ ነበር፣ ከዚያ እየሰፋ ሄደ። የቀረውን ያየችው ልጄ ናት። የሚጥል በሽታ ነው ተባለ፤ ጢሜ ከሸበተ በኋላ፣ ምንም ሳያስጠነቅቅ። ስወድቅ ትከሻዬም ተሰብሮ ስለነበር በሳምንት ሦስት ቀን ጋርላንድ ድረስ ለፊዚዮቴራፒ መመላለስ ነበረብኝ። የምንኖረው ሮውሌት ነው። ባለቤቴ ሌሊት ዌርሃውስ ስትሠራ አድራ ጠዋት ትተኛለች፣ ልጄ ትምህርት ቤት ናት። የሚያደርሰኝ ሰው አልነበረም።

«ባቢ፣ ራይድ ቡክ አደረግኩልህ» አለችኝ ልጄ፣ እዚሁ ተወልዶ ባደገ ልጅ አማርኛ። «ቫን ነው። ለ... ማለቴ፣ ድራይቭ ማድረግ ለማይችሉ ሰዎች። ቤት ድረስ ይመጣል።»

«እሱማ ለሽማግሌና ለአካል ጉዳተኛ ነው» አልኳት።

«ሶ፣ አንተም አሁን አትችልም» አለች። ክፉ አስባ አይደለም፤ እውነቱን ነው የነገረችኝ። እኔ ግን የዚያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

መድኃኒቱ በመጀመሪያዎቹ ወራት ውሃ ውስጥ የምኖር ያስመስለኝ ነበር። ሰው ሲያናግረኝ ድምፁ ቀድሞ ይደርሳል፣ ትርጉሙ ቆይቶ ከኋላ ይከተላል። ቫኑ መጀመሪያ የመጣ ዕለትም እንዲሁ ነበርኩ። ጉም ወርዶ የጎረቤቶቻችን ቤቶች ጣሪያ ብቻ ነው የሚታየው። ነጭ ቫን ከጉሙ ውስጥ ያለ ድምፅ ወጥቶ ደጃፌ ላይ ቆመ። ሹፌሯ ወርዳ በሩን ከፈተችልኝ፤ ትከሻዋ ሰፊ፣ ጎልማሳ ሴት ናት፣ ሜክሲኮ ተወልዳ ያደገች። ክንዴን ልትይዘኝ ስትል «ኦኬ ነኝ» ብያት ብቻዬን ገባሁ።

ከእሷ መቀመጫ ጀርባ አንዲት እናት ተቀምጠዋል። ከላይ የወንድ ልጅ የክረምት ጃኬት ደርበዋል፣ ከጃኬቱ በላይ ደግሞ ነጠላ። የአገሬ ሰው መሆናቸውን ሳይናገሩ አወቅኩ። እሳቸውም አወቁኝ።

«እንዴት አደርክ ልጄ? ምነው በዚህ ዕድሜህ?» አሉኝ።

«ትከሻዬን ነው እማማ» አልኳቸው። ሌላውን አልነገርኳቸውም።

«እኔ ለኩላሊት እጥበት ነው የምሄደው። ሰኞ፣ ረቡዕ፣ አርብ። አንተስ?»

«እኔም ሰኞ፣ ረቡዕ፣ አርብ።»

«ጎሽ! ሰው አገኘን» አሉና ወደ ሹፌሯ ጎንበስ ብለው ይህንኑ በአማርኛ ነገሯት። ሹፌሯ በስፓኒሽ መለሰችላቸው። እማማ ራሳቸውን ነቀነቁ። ረዘም ያለ ነገር ደግሞ በአማርኛ አሏት። እሷም «ሲ፣ ማማ፣ ሲ»፣ አዎ እማማ መሆኑ ነው፣ አለችና አንድ እጇን ከመሪው ላይ አንስታ እያወናጨፈች የሆነ ጉዳይ ታወራ ጀመር። እማማ ከንፈራቸውን መጠጡላት።

እኔ ተኝቼ የማልም ነበር የመሰለኝ። አንዷ ከሌላዋ ቋንቋ አንዲት ቃል አታውቅም። ወሬያቸው ግን አይደናቀፍም። ተራ ይጠባበቃሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ አንዷ ስታዝን ሌላዋ ድምፅዋን ታለዝባለች። ቫኑ በየሰፈሩ እየገባ እየወጣ፣ እኔ ስንት ጊዜ በፍጥነት ያለፍኳቸውን መንደሮች እየዞረ ይሄዳል። ሌላ ሰው ሲነዳ መንገዱ ሌላ ነው። ሹፌር ሳለሁ አስፋልቱን እንጂ ቤቶቹን አላያቸውም ነበር። አሁን ግን በረንዳ ላይ የተረሳ የልጅ ጫማ፣ ጋራዥ ውስጥ ቆሞ ጥርሱን የሚፍቅ ሰው፣ አጥር ላይ የተቀመጠች ድመት፣ ሁሉም ከጉሙ ወጥተው ተራ በተራ እያዩኝ ያልፉ ነበር።

ሐይቁን የሚያቋርጠው ድልድይ ላይ ስንደርስ እማማ «ቀስ በይ ልጄ፤ ውሃው ተኝቷል» አሏት።

ሹፌሯ «አሜን» አለች።

እንዲህ ብዙ ሰነበትን። አንድ ረቡዕ ሹፌሯ በመስታወቱ አየችኝና በእንግሊዝኛ «አንተ ከማማ አገር ነህ አይደል?» አለችኝ። «እንግዲያው አንድ ነገር አስረዳኝ። ድልድዩ ላይ ስንደርስ ሁልጊዜ የምትለኝ ነገር አለ። ጸሎት ነው አይደል?»

ለእማማ ነገርኳቸው። «የምን ጸሎት? ቀስ በይ ነው የምላት፤ ውሃው ተኝቷል» አሉ።

ለሹፌሯ መልሼ ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች። «ሁለት ዓመት ሙሉ ፍጥነት ቀንሺ ስትለኝ አሜን እያልኩ ነው የምነዳው?»

እማማም ዕድሉን አገኙና «በል እንግዲህ ስለ ባሏ ጠይቅልኝ» አሉኝ። «ተመለሰ ወይ? ጠዋት ጠዋት ስታማርር አንጀቴን ትበላኛለች። እግዜር ልብ እንዲሰጠው እየጸለይኩለት ነው።»

«ባል?» አለች ሹፌሯ። «ባል የለኝም እኮ። የማወራላት ስለ እህቴ ነው። ተጣልተን፣ ስደውልላት አታነሳም።»

እማማ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «ውይ በሞትኩት! ያን ሁሉ ጸሎት ለማን ነው ያደረግኩት?»

ሦስታችንም ሳቅን። አርብ ዕለት ግን ሹፌሯ ድልድዩን ቀስ ብላ ተሻገረች፣ እማማም የሚሏት ነገር አልነበራቸውም። እሷም ስለ እህቷ አላወራችም። ሁለቱም አንድ ነገር ሊናገሩ ሲሉ ወደ እኔ ያያሉ፣ እኔ እስክተረጉም ይጠብቃሉ፣ ከዚያ «ይቅር» ብለው ይተዉታል። የቫኑ ማሞቂያ ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር። እንደ ትልቅ ቁም ነገር የያዝኩት ትርጉም ቤታቸውን ያፈረሰባቸው መሰለኝ።

በሳምንቱ እማማ ክንዴን መታ መታ አደረጉኝ። «ልጄ፣ አትቀየመኝ። አንተ ትንሽ ተኛ። እኛ እንግባባለን።»

«እሺ እማማ» ብዬ ጭንቅላቴን መስኮቱ ላይ አስደግፌ ዓይኔን ጨፈንኩ። ከዚያ እማማ አንድ ዓረፍተ ነገር ጣል አደረጉ፣ ሹፌሯም ሁለት ጨመረችበት፤ ብዙም ሳንሄድ እንደ ቀድሞው ሆኑ። የዚያን ክረምት ጠዋቶች ሁሉ በዚህ ግማሽ እንቅልፍ ውስጥ አሳለፍኳቸው። አማርኛው ከስፓኒሹ ጋር ይቀላቀልብኛል፤ የቱ የማን እንደሆነ መለየት ይሳነኛል። አንዳንዴ በማላውቀው ቋንቋ የሰማሁት ነገር የገባኝ ይመስለኛል፣ በማውቀው የሰማሁት ደግሞ ዜማ ብቻ ሆኖ ያልፋል። እንደዚያ ያለ ሰላም አገር ቤትም ሆነ እዚህ አግኝቼ አላውቅም።

አንድ ቀን ድልድዩ ላይ ዓይኔን ስከፍት ሐይቁ ላይ ትልልቅ ነጭ ወፎች ሰፍረው አየሁ። ክረምት ክረምት ከሰሜን የሚመጡ ናቸው። ጉሙ ገና አልተነሣም ነበርና ወፎቹ የት እንዳለቁ፣ ጉሙ የት እንደጀመረ አይታወቅም። ለእማማ ላሳያቸው እጄን አነሣሁ። ነጩ እየሰፋ መጣ።

ስነቃ በጎኔ ተኝቻለሁ፣ የቫኑ ወለል ላይ። ብርድ ልብስ ለብሻለሁ። ግንባሬ ላይ ያረፈው የእማማ እጅ ነው፤ ጭናቸውን ነው የተንተራስኩት። ሹፌሯ ከአጠገቤ ተንበርክካ በስልክ ታወራለች፣ በሌላው እጇ እጄን ይዛለች። እማማ አንድ ነገር አሏት፣ ሹፌሯ የሸሚዜን የአንገት ቁልፍ ፈታች። ሹፌሯ አንድ ነገር አለቻቸው፣ እማማ ቀና ብለው ከበሩ የሚገባውን ነፋስ ከለሉልኝ። አስተርጓሚያቸው እኔ ወለል ላይ ነኝ። ማንም አልፈለገኝም። ከዚያ አምቡላንስ መጣ።

ሐኪሙ መድኃኒቱን ቀየረልኝ፤ መንዳት የተከለከልኩበትም ጊዜ እንደገና ከመጀመሪያው ይቆጠር ጀመር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ ቫኑ ስመለስ አፍሬ ነበር። አገር ቤት በሰፈራችን የሚጥል በሽታ ያለበትን ሰው እንዴት እንደሚሸሹት አውቃለሁ። እማማ ግን ገና ስገባ አጠገባቸው ያለውን መቀመጫ ጠረግ ጠረግ አድርገው «እዚህ ና» አሉኝ።

ጋርላንድ ደርሰን ሰዓት ስለተረፈን ሹፌሯ ሞተሩን አጥፍታ ወደ እኛ ዞረች።

«ስትንሸራተት በመስታወቱ አየሁህ» አለችኝ። «ድልድዩን እንዳለፍን ዳር ያዝኩ። ማማ ግን ቀድማኝ ቀበቶዋን ፈትታ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላለች። ኩብሪር! ኩብሪር! ትለኛለች። ስፓኒሽ መቼ እንደተማረች እንጃላት።»

«ኩብሪር ምንድን ነው?»

«መሸፈን፣ ማልበስ ማለት ነው። ብርድ ልብሱን አምጥቼ አለበስኩህ።»

ወደ እማማ ዞርኩ። «እማማ፣ ያን ዕለት ምን ነበር ያሏት?»

«ክብሪት ነዋ!» አሉ። «አገር ቤት የጣለውን ሰው የክብሪት ጭስ ሲያሸቱት ይነቃል ሲባል ነው ሰምቼ ያደግኩት። ክብሪት፣ ክብሪት ስላት ብርድ ልብስ ይዛልኝ መጣች። እጅህን ስነካው በረዶ ሆኗል። የእሷ ሐሳብ ይሻላል ብዬ ክብሪቱን ተውኩት።»

ይህን መተርጎም ነበረብኝ። ሳቅ እያቋረጠኝ ጨረስኩት። ሹፌሯ ግንባሯን መሪው ላይ ደፍታ ሳቀች፣ ቀና ስትል ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። እማማ ምን እንዳስለቀሳት አልጠየቁኝም። በነጠላቸው ጫፍ ጉንጯን ጠረጉላት።

በጸደይ የእማማ ልጅና ባሏ ሳክሲ ቤት ገዙ። ከጋርላንድ ቀጥሎ ያለች ከተማ ናት፣ ቅርብ ናት። ቫኑ ግን ሳክሲ አይገባም፤ የሚያገለግለው እስከ ጋርላንድ ድረስ ብቻ ነው። እጥበቱንም ወደ ሌላ ክሊኒክ አዛወሩላቸው፣ አማቻቸው የሥራ ሰዓቱን አስተካክሎ ሊያደርሳቸው ሆነ። የመጨረሻው አርብ እማማ ሲወርዱ ሹፌሯን ትከሻዋን ስመው ለረጅም ጊዜ አወሩላት። እሷም መለሰችላቸው። እኔ መስኮቱን እያየሁ ቆየሁ።

ከዚያ በኋላ በእማማ ቦታ ጆሮው የማይሰማ አንድ ሽማግሌ መቀመጥ ጀመረ። ሹፌሯ ድልድዩ ላይ ፍጥነት ትቀንሳለች፣ «አሜን» ግን አትልም።

መኸር ላይ ሐኪሙ ንዳ አለኝ። መጀመሪያ ኮል ያደረግኩት ለሹፌሯ ነው። «ቅዳሜ ማማ ጋ እወስድሻለሁ፣ እኔ እነዳለሁ» አልኳት። ከጎኔ ተቀመጠች። መብራት ስንደርስ እግሯ ወለሉን እንደ ፍሬን ይጫናል፣ መታጠፊያ ላይ እጄን እጄን ታያለች። «ቀኝህን ተመልከት» ትለኛለች። «እኔም እኮ ሹፌር ነኝ» እላታለሁ። አታምነኝም።

የሳክሲው ሰፈር አዲስ ነው፤ ዛፎቹ ገና ቀጫጭኖች፣ በእንጨት ተደግፈው የቆሙ። እማማ በር ላይ ቆመው ጠበቁን። ከስተዋል፣ ፊታቸው ግን ጥሩ ነው። ሳሎን ገብተን እንደተቀመጥን ወሬው ካቆመበት ቀጠለ። ሹፌሯ ስልኳን አውጥታ የአንዲት ሴት ፎቶ አሳየቻቸው፤ ቁርጥ እሷን ትመስላለች። እማማ ፎቶውን በጣታቸው ነክተው ጣታቸውን ሳሙ። «ስልኩን አነሣች አይደል? እኔ እኮ ብያለሁ» አሉ። ሹፌሯም «ሲ፣ ማማ» አለች።

ትንሽ ቆይተው እማማ የሹፌሯን የተጠቀለለ ፀጉር ነካ ነካ አደረጉና ወለሉን አሳዩአት። እሷም ሳታመነታ ወርዳ ምንጣፉ ላይ፣ በጉልበታቸው መካከል ተቀመጠች። ፀጉሯን ስትፈታው ወገቧ ድረስ ደረሰ። እማማ ሚዶ አስመጡና ሹሩባ ሊሠሩላት ጀመሩ፤ የእጥበቱ መስመር ያለበትን ክንዳቸውን እየጠበቁ፣ ቀስ እያሉ። ሹፌሯ ሲያማት ትጮሃለች፣ እማማ ይቆጧታል፣ መልሳ ትስቃለች። ፀሐዩ ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው ሄደ። እኔ አንድ ጊዜ ውሃ አመጣሁላቸው፣ ሌላ ሥራ አልነበረኝም።

እማማ ቶሎ ስለሚደክማቸው በቀኝ በኩል ያለውን ብቻ ጨረሱ። ሹፌሯ ግን ግራውን እንዳለ ትታ፣ ግማሹ ተሠርቶ ግማሹ ተበትኖ፣ መኪናዬ ውስጥ ገባች። እስከ ጋርላንድ ድረስ ከፊቷ ያለውን የፀሐይ መከላከያ አውርዳ በውስጡ ባለው ትንሽ መስታወት ራሷን እያዞረች አየች፤ አንድ ጊዜም «ቀኝህን» አላለችኝም።

የቀረውን በሚቀጥለው ቅዳሜ ጨረሱት።