ቁይ የተወለደ የለም

ከተወለድሁበት ከቁይ የወጣሁት በገበያ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ ነው። በዚያ ሳምንት የጣልያን ሹም አስተርጓሚውን አስከትሎ ቤት ለቤት ሰው ሊቆጥር መጥቶ ነበር። በቤቱ ወንድ ስንት ነው? የት ሄዷል? ወንዱ የጎደለበት ቤት ይቃጠላል ተብሎ ተወርቷል። እኔ ጠመንጃ ባልይዝም ጫካ ለገቡት አርበኞች ደብዳቤ እጽፍላቸው ነበርና አንዱ ጠቆመብኝ። ብቀመጥ ልታሰር፣ ብጠፋ ቤቴ ሊነድ ሆነ።

«አንተ ሂድ፤ እኔ የምላቸውን አውቃለሁ» አለችኝ ባለቤቴ ውዴ።

«ምን ልትያቸው ነው?»

«ሞቷል እላለሁ። የሞተ ሰው ቤት አያስቃጥልም።»

ይህን ብላ ነጠላዋን አዘቀዘቀች። ከገበያተኛው ጋር ተቀላቅዬ ስርቅ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ የገዛ ልቅሶዬን ጥዬ የምሄድ መሰለኝ።

በዳንግላ አድርጌ ቆላ ወረድሁ። ወባው ሁለት ጊዜ ጣለኝ፤ ሁለት ጊዜ ተነሣሁ። መተማን ተሻግሬ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ስገባ ሰውነቴ ከበትሬ ቀጥኖ ነበር። አገሩ ደጎች ያሉበት አገር ነው፤ አልዋሽም። ከማሽላ የሚጋግሩት ኪስራ ለዓይን የኛን እንጀራ ይመስላል፤ አፍ ሲገባ ግን ጤፉ የለም። ሰላምታቸው እንደኛ ረጅም ነው። ቤት ያከራየችኝ ባልቴት ስለ ጤናዬ፣ ስለ አዳሬ ትጠይቀኛለች፤ ስለ በሬዎቼ፣ ስለ አዝመራው የሚጠይቀኝ ግን አንድም አላገኘሁ። እሱን የሚጠይቅ ሰው ስንት ዋጋ እንዳለው ያኔ ገባኝ።

ስደተኛውን የሚመዘግበው፣ የአገሬው ሰው እንደ ነጭ ሁሉ ሐዋጃ የሚለው እንግሊዛዊ ነበር። የት ተወለድህ? ዓምና የት ኖርህ? ሲለኝ ፈራሁ። እንግሊዝና ጣልያን ያን ጊዜ ገና አልተጣሉም፤ ወረቀቱ ዞሮ ቁይ ቢደርስ፣ ሞቷል ያለችው ሚስቴ ምን ይውጣታል? «ደምቢያ» አልሁት። ጻፈ።

መጻፍ እንደምችል ሲያውቅ ከሌላ ጸሐፊ ጋር የመመዝገቡን ሥራ ሰጠኝ። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ቀረቡ።

«ዓምና የት ነበሩ አባቴ?»

«ቤቴ።»

«ቤትዎ የት ነው?»

«አሁንማ የለም።»

ምን ብዬ ልጻፍ ብዬ ሐዋጃውን ጠየቅሁት። «የለም የሚባል አገር አላውቅም» አለ በአስተርጓሚ። ሽማግሌው ሰምተው «እኔ አውቃለሁ፤ ከዚያ ነው የመጣሁት» አሉ።

ሐዋጃው የሰበሰብነውን በሰፊ ወረቀት ላይ ያሰፍረዋል፤ ከየት ተነሥቶ፣ የት አርፎ፣ የት እንደደረሰ። እያየሁ አንድ ነገር ተማርሁ። ሰው ለካ ደስ ወዳለው አይሰደድም፤ ቀድሞት የሄደ ወገን ወዳለበት ነው የሚሄደው። ከጉንደ ወይን አንድ ሰው መጣ፤ በክረምቱ ማግስት ጎረቤቶቹ ተከተሉት። የደጀኖቹ መጀመሪያ ደብረ ማርቆስ ተጠጉ፤ ከዚያ አንዱ ወደኛ ሲሻገር ሌሎቹ በዱካው መጡ። የመጣው ሁሉ «የኛ አገር ሰው አለ?» ይለኛል፤ እኔም መዝገብ ገልጬ አገናኛለሁ። ከቁይ ግን ማንም አልመጣም። በምን ዱካ ይምጣ?

በሁለተኛው ዓመት አንዲት ሴት ከወንድሟ ጋር መጥታ ፊቴ ቆመች። እትዬ ጥሩነሽ ናት፤ የቁይ ጎረቤታችን። ስሟን ሳልጠይቃት አማተበች።

«አንተ የውዴ ባል አይደለህም?»

«ነኝ፤ እትዬ።»

«እኔኮ ተዝካርህን በልቼ ነው የመጣሁ።»

ብዕሬን አስቀመጥሁ። ቤቱ እንዳልተቃጠለ ነገረችኝ። ውዴ በሕይወት መኖሬን በልቧ ይዛ፣ ሱዳን ለሚወርድ ነጋዴ አደራ ሰጥታ ነበር። ነጋዴው እዚህ ድረስ መጥቶ፣ ስሜን ለመጥራት ፈርቶ የቁይ ሰው አለ ወይ ብሎ ጠይቋል። ወባ ያስተኛኝ ሰሞን ነው፤ ሌላው ጸሐፊ መዝገቡን አገላብጦ «ቁይ የተወለደ የለም» ብሎ መለሰው።

«ያን ጊዜ አመነች» አለች እትዬ። «የውሸቱን ልቅሶ እውነት አድርጋ አለቀሰችው።»

«አሁንስ?»

«ዘመዶቿ ለሌላ ሊድሯት ሽማግሌ አስቀምጠዋል። እኔ ስወጣ እሺም እንቢም አላለች።»

በማግሥቱ ደምቢያን ሰርዤ ቁይ ብዬ ጻፍሁ። ሐዋጃው አየና «ሰው የተወለደበትን ይሳሳታል?» አለኝ። የሚቀጥለውን ሰው ጠራሁ።

ለውዴም በሕይወት አለሁ የሚል ደብዳቤ ጽፌ በነጋዴ ላክሁ። ወዲያው እንግሊዝና ጣልያን ተዋጉና ድንበሩ ተዘጋ፤ ይድረስ አይድረስ አላውቅም። አሁንም ጠረጴዛው ጋር እቀመጣለሁ። በጫካ ሾልኮ የሚመጣ አንዳንድ ሰው አለ። ስሙን ከመጠየቄ በፊት «በቁይ በኩል አልፈሃል?» እለዋለሁ።