በርኖስ የለበሰው ቴሌስኮፕ

ቀየት ከተማ ላይ ወሬ ከአይሱዙ ይቀድማል። ሬዲዮ ጠጋኙ ምንተስኖት ከአዲስ አበባ የሳህን ያህል ክብ መስተዋት አስመጥቶ ቴሌስኮፕ ሊሠራ መነሳቱን ሚስቱ አየለች ከመስማቷ በፊት ገበያው ሰምቶ፣ ተንትኖ፣ ፈርዶበት ነበር። «ጨረቃን ሊጠግን ነው» ተባለ።

እሱ የቸኮለው ለአባቱ ነው። መሪጌታ መኳንንት ባሕረ ሐሳብ ሲያስተምሩ፣ የጨረቃን ሌሊት ሲቆጥሩ ያረጁ ሰው ናቸው። አሁን ግራ ዓይናቸው ጠፍቷል፤ ቀኙም እየደከመ ነው። ምንተስኖት ክረምት ሰማዩን ሳይዘጋው ያችን ጨረቃ በቅርብ ሊያሳያቸው ቆርጧል።

መስተዋቱ አለ፣ ሌንሱም አለ። የቸገረው ሁለቱን ሳያነቃንቅ የሚይዝ ቱቦ ነው።

መጀመሪያ ቆርቆሮ አስጠቀለለ። ቀን ፀሐይ ያጋለችው ቆርቆሮ አመሻሽ ላይ ሙቀቱን ሲተፋ፣ ውስጡ ያለው አየር ጨረቃዋን እንደ ሽሮ ያንተከትካት ጀመር። ጎረቤቱ ወልደ ጻድቅ አጮለቀና «በሰለች ወይስ ትቆይ?» አለ።

ቀጥሎ የበሬ ቆዳ በቀጫጭን እንጨት ላይ ወጥሮ አደረቀ። ቀላል ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ሲመቱት ይጮኻል። ሰፈሩ ሊያመሰግነው አፉን ሲከፍት ከጓሳ ተራራ በኩል ጉም ወረደ። ቆዳው ላላ፣ መስተዋቱ አዘነበለ። መሪጌታ እስኪያስላቸው ሳቁ።

«አንተ፣ በጉም ቀን ከበሮ እሳት ዳር ሳሞቅ እያየህ አይደል ያደግኸው?»

የላላውን ቆዳ የወልደ ጻድቅ ውሻ ጎትቶ በላው።

ምንተስኖት አልተበገረም። አራት የጽድ ዘንጎች አቁሞ ላይና ታቹን በብረት ቀለበት አሰረ። አሁን መስተዋቱ ንቅንቅ አይልም። ጎኑ ግን ክፍት ነው፤ ብርሃን እየገባ ምስሉን ያደበዝዘዋል። በጥቁር ላስቲክ ሸፈነው፤ ላስቲኩ አብለጨለጨ። ስስ ጨርቅ ሞከረ፤ ብርሃን አሳለፈ።

አየለች ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የመሪጌታን ጥቁር በርኖስ አይታ ዓይኗን ወደ ዘንጎቹ መለሰች። ምን እንዳሰበች ሁሉም ገባው።

«እሱንስ አልነካም» አለ ምንተስኖት። «የአባቴ ክብር ነው።»

«ክብሬ የበግ ጠጉር ነው እንዴ?» አሉ መሪጌታ። «ዓይኔ ቀጠሮ አይሰጥህም። ቅደደው።»

«ይበርድዎታል፣ አባባ» አለች አየለች።

«በጋቢ ይበርደኝ ይሆናል እንጂ አልሞትም።»

ቀደደው። አየለች ዘንጎቹ ላይ ዙሪያውን ሰፋችው። ጥቁሩ ሱፍ ብርሃኑን ዋጠ፤ ሙቀት አልያዘም፣ ጉምም አላላላውም።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ግማሿ ጨረቃ ገና ፀሐይ ሳትገባ ብቅ ብላ ነበር። መሪጌታ ቀኝ ዓይናቸውን ሌንሱ ላይ አስጠጉ። ቆዩ። ለወሬ የተሰበሰበው ሰው ጠጋ ጠጋ አለ።

«ምን ይታይዎታል?» አለ ምንተስኖት።

«ፈንጣጣ ወጥቶባት ነበር እንዴ?» አሉ ቀስ ብለው። «ይህን ሁሉ ዘመን ስቆጥራት አንድ ቀን አልነገረችኝም።»

ወልደ ጻድቅ ተራ ጠየቀ። መሪጌታ አልሰሙትም፣ ወይም ላለመስማት መርጠዋል። ጨረቃዋ ከሌንሱ ሸሸት ባለች ቁጥር ቱቦውን በራሳቸው ጣት ገፋ እያደረጉ ይከተሏታል።