ማሽኑ አልነሳ ያለ ቀን

ይህ የሆነው በኮሮና ጊዜ እዚሁ ጆሃንስበርግ ነው። ከቤት አትውጡ የተባለበት ሎክዳውን ትንሽ ላላ ብሎ ፋብሪካዎች ሥራ የጀመሩበት ሰሞን ነበር። ከዚያ ዘመን ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ ያቺን ጠዋት ግን አልረሳትም። አለቃን «እምቢ» ብዬ ደስ ብሎኝ የዋልኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

እኔ የሆሳዕና ልጅ ነኝ። ባለቤቴ ዲፕስሉት በሚባል የድሆች ሰፈር ውስጥ፣ እዚህ ስፓዛ የሚሉት ትንሽ የሰፈር ሱቅ ነበረው። ሎክዳውኑ ሲመጣ ሱቁ ተዘረፈና ባዶ እጃችንን ቀረን። ዮቪል የሚባል ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይተን ገባን። እሱ ሥራ ፈልጎ ሲያጣ፣ እኔ ጀርሚስተን አካባቢ ያለ የወረቀት ፋብሪካ ውስጥ በጊዜያዊነት ተቀጠርኩ። ያን ጊዜ ሰዉ ሶፍት እየተሻማ ይገዛ ስለነበር ፋብሪካው ሠራተኛ ይፈልግ ነበር።

የተመደብኩት መቁረጫው ላይ ነው። እንደ ግንድ የረዘመ የሶፍት ጥቅል በአንድ በኩል ይገባል፤ በሌላው በኩል ሱቅ ውስጥ የምናውቀውን መጠን ይዞ ይወጣል። መሃል ላይ የሚሽከረከረው ክብ ስለት የመኪና ጎማ ያክላል። መጀመሪያ ሳየው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አልኩ።

ሥራውን ያሳየችኝ ኖምሳ የምትባል የዙሉ ሴት ናት። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እንደ አገሩ ልማድ «ሲስ ኖምሳ» እላታለሁ፤ እህት ኖምሳ እንደ ማለት ነው። ከሱቅ ደንበኞች ዙሉኛ ለቃቅሜ ስለነበር ቶሎ ተግባባን። ወደ ስለቱ ከማስጠጋቷ በፊት አንድ ቀይ ጓጉንቸር ቁልፍ ሰጠችኝ።

«እጅሽን ወደ ስለቱ ከማስገባትሽ በፊት ኃይሉን ከዋናው ማጥፊያ አጥፊ። ማጥፊያውን በዚህ ቆልፊው። መክፈቻውን ኪስሽ ክተቺ፤ ለማንም እንዳትሰጪ» አለችኝ። «ለእኔም ቢሆን።»

የዚያን ዕለት ጠዋት ትዕዛዝ በዝቶ የጭነት መኪኖች ግቢው ውስጥ ተሰልፈው ይጠብቁ ነበር። ድንገት ወረቀት ስለቱ ሥር ተወሸቀና ማሽኑ ቆመ። ቪክተር የሚባለው አለቃችን እየሮጠ መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን እሱንም ከላይ ስልክ እየደወሉ ያጣድፉት ነበር።

«ቆሟል አይደል? እጃችሁን ሰደድ አድርጋችሁ ሳቡት!» አለ። «ከዋናው ካጠፋችሁት እንደገና እስኪነሳ ስንት ሰዓት ይፈጃል!»

ኖምሳን አየኋት። ከአንድ ቀን በፊት ሥራ አዘገየሽ ብለው ተቆጥተዋት ነበር። እጅጌዋን ሰበሰበችና ወደ ስለቱ ጎንበስ አለች።

ጊዜያዊ ሠራተኛን «ነገ እንዳትመጪ» ለማለት አንድ ቃል ይበቃል። ቤት ኪራዩም የሚከፈለው በእኔ ሥራ ብቻ ነበር። ያም ሆኖ የኖምሳን ክንድ ያዝኩ።

«ቪክተር፣ እምቢ» አልኩት። «ሳልቆልፈው እጄን አላስገባም። የሲስ ኖምሳም እጅ አይገባም።»

ቪክተር አፍጥጦ አየኝ። መልሱን አልጠበቅኩም። ሄጄ ከዋናው አጠፋሁ፣ ቆለፍኩ፣ መክፈቻውን ኪሴ ከተትኩ። ከዚያ ጓንታችንን አጥብቀን ሁለታችንም እጃችንን አስገባንና የተወሸቀውን ወረቀት መጎተት ጀመርን። የኖምሳ ክንድ እስከ ትከሻዋ ድረስ ስለቱ ሥር ነበር።

ከማሽኑ ወዲያ በኩል ሲፖ የሚባል የሥራ ባልደረባችን ከሻይ ተመለሰ። ማሽኑ ትልቅ ስለሆነ አያየንም፤ የሌሎቹ ማሽኖች ጩኸትም ድምፃችንን ውጦታል። ድንገት ጮክ ብሎ ሲጣራ ሰማነው።

«ቪክተር! ይሄ ማሽን ምን ሆነ? አረንጓዴውን ማስነሻ ደጋግሜ ብጫነው አልነሳ አለኝ እኮ!»

ሁላችንም ደርቀን ቀረን።

ኖምሳ ክንዷን ቀስ አድርጋ አወጣች። ጓንቷን አውልቃ ጣቶቿን አጠፈቻቸው፣ ዘረጋቻቸው። ሲፖ ዞሮ መጣና እኛን ሲያይ ነገሩ ገባው፤ እዚያው ወለሉ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። «አላየኋችሁም፣ በእግዚአብሔር ስም አላየኋችሁም» ብሎ ማለ። ጥፋቱ የእሱ ብቻ እንዳልነበረ ሁላችንም እናውቃለን።

ከዚያ ኖምሳ ማስኳን ወደ አገጯ ዝቅ አድርጋ እልልታዋን አቀለጠችው! ምን እንደሆነ ያልገባቸው ሴቶች ሁሉ ከየማሽናቸው ተቀበሏት። መነካካት ክልክል መሆኑን ረስታ አቅፋ ከመሬት አነሳችኝ። እኔም እያለቀስኩ እስቅ ነበር።

ቪክተር ቆቡን አወለቀ። «ሲስ አስቴር፣ ቀስ ብላችሁ ጨርሱ። መኪኖቹ ይጠብቁ» አለኝ። በማግስቱ ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስቦ የሆነውን አንድም ሳይደብቅ ተናገረ። «ያጣደፍኳቸው እኔ ነኝ» አለ። ከዚያ ወዲህ ሳይቆልፍ እጁን የሚያስገባ ሰው አላየሁም፤ አስገቡ የሚል አለቃም የለም። እኔም ከጥቂት ወራት በኋላ ቋሚ ሆንኩ። ዛሬ አዲስ ገቢዎችን መቁረጫው ላይ የማሠለጥነው እኔ ነኝ።

በቅርቡ ኖምሳ ልጇን ስትድር ጠርታን ከባለቤቴ ጋር ሄድን። ሙዚቃው ሲደምቅ ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘርግታ፣ እያጨበጨበች ወደ መሃል ገባች። እንግዶቹ የሙሽራዋን እናት ነው የሚያዩት። እኔ እጆቿን አየሁ። እንዲህ ኮርቼ አላውቅም። ተነሳሁና እስኪደክመኝ ድረስ አብሬያት ጨፈርኩ።