ኦርጅናሉ ኮት

ሞጣ አስተማሪ በነበርኩ ጊዜ፣ የውጭ አገር ልብስ ላይ ኦርጅናሉን ከፎርጅዱ የሚለይ እንደኔ ያለ ሰው የለም እያልኩ አወራ ነበር። የምገዛው ግን ከሰልባጅ ክምር ውስጥ ነው።

አንድ የገበያ ቀን ግራጫ ኮቴን አውልቄ ክምሩ ላይ ጣል አደረግሁና፣ ሌላ ጥቁር ኮት ለብሼ መስተዋት ፊት እሽከረከራለሁ። ከቢቸና ለልጃቸው ሠርግ የመጡ አንድ ሽማግሌም ከኋላዬ ኮት እየለኩ ነው።

"ይሄስ ለሠርግ ይሆነኛል?" ሲሉ ነጋዴው ወደኔ ጠቆማቸው። "መምህሩን ይጠይቋቸው፤ ዕቃ ያውቃሉ።"

እኔም ዓይኔን ከመስተዋቱ ሳልነቅል እጄን ወደ ኋላ ሰድጄ እጅጌያቸውን ዳሰስ ዳሰስ አደረግሁ።

"ኦርጅናል ነው አባቴ፤ እንዳያመልጥዎት። በላይዎ ይለቅ።"

"አሜን፣ ልጄ። ምርቃትህን ተቀብያለሁ" ብለው ከፈሉ። ሊወጡ ሲሉ የኮቱ ኪስ ውስጥ እጃቸውን ቢከቱ ቁልፍ አገኙ።

ዞር ብዬ ሳይ ቁልፉ የቤቴ ነው። ኮቱም ያው ግራጫው ኮቴ። የመረቅሁትን ልብስ በየትኛው አፌ ልጠይቅ ብዬ ስዋትት፣ ሽማግሌው ቁልፉን ለነጋዴው አሳዩት።

"ይሄስ?"

"ምራቂ ነው አባቴ፤ ይውሰዱት።"