«ኳየር» ስንት ክንድ ነው?

ቅዳሜ ማለዳ ከንፋስ መውጫ የተነሣሁት አንድ ቃል ላስረዳ ነው። የአውሮፓን ቋንቋዎች ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በሰው ፊት ቆሜ መናገር ትቻለሁ፤ ምክንያቱን ለራሴ ልተወው። ይሁንና በእስቴ ገጠር በአንዲት ደብር የሚያገለግሉት ወዳጄ መሪጌታ ልሳነወርቅ ስልክ ደወሉ።

«መምህር፣ ቤተ ክርስቲያናችን እንደ አዲስ ሊሠራ ነው። እኛ ማኅሌት የምንቆምበትን ቦታ ፕላኑ ላይ ‹ኳየር› ብለው ጽፈውታል። ስፋቱ የበግ ጋጣ ያህላል። ሰኞ መሠረቱ ይቆፈራል። መጥተው ቃሉን ካላስረዱልን ወረቡም ሽብሸባውም ቀረ ማለት ነው።»

እምቢ የምልበት አንደበት አጣሁ።

ጉናን መዞር

እስቴ ከእኛ አገር ሲታይ ከጉና ተራራ ማዶ ነው። አሞራ ቢሆኑ ቅርብ ነበር። መንገዱ ግን ተራራውን ፈርቶ መጀመሪያ ወደ ደብረ ታቦር ይወስዳል፤ ከዚያ ወደ ደቡብ ይመልሳል። በሚኒባሱ ውስጥ ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር አራተኛ ሆኜ ተቀመጥሁ። ረዳቱ አምስተኛ ሲያመጣ ትዕግሥቴ አለቀ።

«የት ሊቀመጥ ነው?» አልሁት።

«አባባ፣ ጠጋ ጠጋ ይበሉ። ሰው ሲጠጋጋ ይሞቃል።»

«እኔ አልበረደኝም።»

«እሱ በርዶታል» ብሎ ሰውየውን ከነዶሮው ጭኔ ላይ አስደገፈው። በግራ በኩል ያለውን ጉናን፣ ከሥሩም ቢጫ መምታት የጀመረውን ገብስ ያየሁት በዶሮዋ ክንፍ ሥር ነው።

ደብረ ታቦር ላይ ሽሮ በልቼ የመካነ ኢየሱስን አውቶቡስ ያዝሁ። እስኪሞላ ድረስ «አሁን ነው የምንወጣው» ሲሉን ዋሉ። እኔም በብስጭት ፋንታ ትምህርቴን በልቤ አደራጀሁ።

ቃሉ ጥንት በግሪክ «ኾሮስ» ነበር። ጭፈራውንም፣ የሚጨፍሩትንም፣ የሚጨፈርበትንም ሜዳ ይጠሩበታል። ሥሩ ከየት እንደ ሆነ ሊቃውንቱ አልተስማሙም፤ ‹የታጠረ ግቢ› ከሚል ሐሳብ የሚስቡት አሉ። ከግሪክ ወደ ላቲንም ወደ ጎረቤት አገሮችም ገባ፤ ወራሾቹ ርስቱን ተከፋፈሉት። ቡልጋሪያዎች «ሆሮ»፣ ሮማንያዎች «ሆራ» ብለው፣ እጅ ለእጅ ተያይዞ መዞሩን ወሰዱ። ጣሊያኑ «ኮሮ»፣ ጀርመኑ «ኮር»፣ እንግሊዙ «ኳየር» ሲሉ ዘማሪዎቹንና በቤተ ክርስቲያን የሚቆሙበትን ስፍራ አስቀሩ፤ እግሩን ግን አሰሩት። በእኛ ቅኔ ማኅሌት ውስጥ ዜማው፣ ስፍራውና እግሩ እስከ ዛሬ አልተለያዩም። ይህን አሳምሬ ከነገርኋቸው ይበቃል ብዬ አመንሁ።

መካነ ኢየሱስ አድሬ እሑድ በማለዳ ባጃጅ ያዝሁ። ሾፌሩ ያወረደኝ መንገዱ ያለቀበት ሳይሆን እሱ የሰለቸበት ቦታ ላይ ነው። የቀረውን በእግሬ ወጣሁት።

ችካልና ሲባጎ

ወሩ ጽጌ ነውና መዘምራኑ ሌሊቱን በማኅሌት አድረው ድምፃቸው ሻክሯል። መሪጌታ ከቅዳሴ ወጥተው አቀፉኝ።

«መምህር፣ ከስተዋል!»

«ሚኒባሱ ጨምቆኝ ነው።»

ከአሮጌው ቤተ ክርስቲያን ጎን፣ ለአዲሱ ቅኔ ማኅሌት ግድግዳ ችካል ተተክሎ ሲባጎ ተወጥሯል። የሕንፃ ኮሚቴው ከሲባጎው ጥቂት ራቅ ካለ ጥድ ሥር ተቀምጦ ጠበቀኝ። ሰብሳቢው አቶ ቢያድግልኝ እህል ነጋዴ ናቸው፤ ቦታን የሚያውቁት ጆንያ በመደርደር ነው።

«እኔ በዘፈቀደ አልሠራሁም» አሉኝ። «ወረቀቱ ኳየር ይላል፤ መሐንዲሱ መዘምራን ማለት ነው አለኝ። መዘምራኑን አስቁሜ አንድ በአንድ ለካኋቸው። ከነመቋሚያቸው ይገባሉ።»

ተነሥቼ ከግሪክ ጀመርሁ። ገና ሮም ሳልደርስ እጃቸውን አነሡ።

«መምህር፣ ባጭሩ። ለመሆኑ ኳየር ስንት ክንድ ነው?»

«ቃል በክንድ አይለካም።»

«ግድግዳ ግን በክንድ ነው የሚለካው።»

«እንግዲያው ባጭሩ፣ የጭፈራ ሜዳ ማለት ነበር» አልሁ በንዴት።

ጉባኤው አጉረመረመ። አንድ ሽማግሌ ቄስ ነጠላቸውን አጣፉ፦ «ጭፈራ? በእግዚአብሔር ቤት?»

«ጭራሽ ገደሉን!» አሉ መሪጌታ በጆሮዬ። «ሽብሸባ አይሉም?»

ጉናን ዞሬ የመጣሁት ነገሩን ላባብሰው ሆነ። ዓረፍተ ነገሮቼን ሁሉ ዋጥኋቸው። «መሪጌታ፣ ሌሊት የቆማችሁትን ወረብ እዚያ ሲባጎ ውስጥ ቁሙልን» አልሁ።

«ደስ ይለኛል!» አሉ አቶ ቢያድግልኝ። ወደ ሲባጎው ሄደው እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ። «ግድግዳው እኔ ነኝ። የሚነካኝ ካለ እናያለን።»

መዘምራኑ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ቆሙ። በእርግጥም ልክ ገቡ፤ ሰብሳቢው ፈገግ አሉ። ዜማው በለሆሳስ ተጀመረ። ጸናጽሉ ተመታ፣ ረድፎቹ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ዘመም አሉ። ቀጥሎ ከበሮው ገባ። አንዱ ረድፍ ሲቀርብ ሌላው አፈገፈገ፤ ጭብጨባው ሲፈጥን ከበሮ መቺው ዞረ፤ በሰብሳቢው በኩል ያለው ረድፍ በተረከዙ ችካሉን ነቀለው።

«ኧረ ቀስ! ኧረ ግድግዳ ነኝ!» ይላሉ ሰብሳቢው ወደ ኋላ እየሄዱ። ከቅዳሴ የወጡት ሴቶች እልልታውን አቀለጡት። ግድግዳው ጥዱ ጋ ሲደርስ ወረቡ ቆመ።

መሪጌታ ላባቸውን ጠረጉ። «አቶ ቢያድግልኝ፣ ግድግዳችን እስከ የት ሸሸ?»

ሰብሳቢው እግራቸውን አዩ። «ስለካችሁ ለምን እንዲህ አልሆናችሁም?»

«ቁሙ አሉንና ቆምን» አሉ መሪጌታ።

ሽማግሌው ቄስ ሳይቀሩ ሳቁ። አቶ ቢያድግልኝ ተመልሰው የተነቀለውን ችካል አነሡ፤ ከጥዱ ሥር በድንጋይ ቀጥቅጠው ተከሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ፦ «መምህር፣ ይህን ከመጀመሪያው ቢነግሩን ምን ነበረበት?»

መልስ

ንፋስ መውጫ የገባሁት በዚያው ሚኒባስ ነው፤ ጉልበቴ እስከ ዛሬ አልማረውም። ነገሩን ሳስበው ግን ረዳቱና ሰብሳቢው የአንድ ትምህርት ቤት ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም ሰው የማይንቀሳቀስ ይመስላቸዋል። እኔስ ብሆን ቃሉን ወረቀት ላይ አስቁሜ ነበር የለካሁት።

በሳምንቱ መሪጌታ ደወሉ። መሠረቱ በአዲሱ ችካል ተቆፍሯል፤ ፕላኑም ታርሟል። «ስሙ ግን አሁንም ኳየር ነው። ይፋቅ እንዴ?» አሉኝ።

«ተዉት» አልኋቸው። «ብዙ አገር ዞሮ ገና አሁን ነው እግሩ የተፈታው።»