ሎሚ የዳኘው አሸዋ

ዛሬ ዓሦቼን ያተረፈልኝ ግማሽ ሎሚ ነው።

በመስታወት ገንዳቸው ሥር የማነጥፈውን አሸዋ ሰባት ጊዜ አጥቤ ልጨምር ስል ጎረቤቴ አያ ፈረደ ገቡ። በጃንሆይ ጊዜ ግንበኛ ነበሩ።

«ከየት አመጣኸው?»

«ከአጥሩ ግንብ የተረፈ ነው።»

ሎሚ አስመጡና ጠብ ቢያደርጉበት አሸዋው አረፋ አወጣ።

«ኖራ አለበት። ለግንብ ሸጋ ነው፤ ለዓሣ ግን ውሃውን ስለሚያበላሽበት አይሆንም።»

እኔ በስልኬ ስንት ቪዲዮ አይቼ ነበር። ለካ ትምህርቱ አጥር ማዶ ነው።

አብረን አንገረብ ወንዝ ወርደን፣ ሎሚ ጠብ ሲልበት አረፋ ያላወጣውን አሸዋ መርጠን መጣን።

አሁን አሸዋው ተነጥፎ፣ ዓሦቹ ገብተው፣ አያ ፈረደ ገንዳው ፊት ተቀምጠዋል። «ስንት ቤት ገነባሁ፤ ነዋሪው ሲገባ ቁጭ ብዬ ያየሁት ግን የዛሬውን ነው» አሉኝ።

እናንተስ ሳትጠሩት ደርሶ ያተረፋችሁ ጎረቤት የላችሁም? ጻፉልኝ። በሕይወት ካለ ግን መጀመሪያ በሩን አንኳኩ።