ከኋለኛው ረድፍ የተነሳው

እንዳሻው ታክሲ መንዳት ካቆመ ወዲህ ሎስ አንጀለስ፣ ኢንግልዉድ ካለው አፓርታማው ሶፋ ላይ ተጋድሞ የሕዋ ፊልም ማየት ልማዱ ሆነ። መንኮራኩር ሲተኮስ፣ ፕላኔት ሲፈርስ፣ እሱ ለውዙን እየፈለፈለ ያያል። ባለቤቱ ካሰች ግን አብራው አትቀመጥም።

«የኛ መልክ ያለው አንድ ሰው እንኳ ከዚያ ዘመን አልደረሰም» ትለዋለች። «እኛ የሌለንበትን ነገ ቁጭ ብዬ ምን አደርግበታለሁ?»

እሷ እንደ ቀልድ ተናገረችው፤ እሱ ግን ልቡ ውስጥ ቀረ። ሰው ከትናንቱ ሲፋቅ ያመዋል፤ ከነገው ሲፋቅ ግን ብዙ ጊዜ ልብም አይለውም።

ስለዚህ የድሮ የታክሲ ጓደኛው ደመቀ፣ ፊልም ሠሪዎች ለአጃቢ ተዋናይነት ሽማግሌ እንደሚፈልጉ ሲነግረው አላመነታም። ፎቶውን ላከ፤ ተጠራ፤ የአንዲት ሩቅ ፕላኔት ሸንጎ አባል ሆነ። ሌሎቹን አጃቢዎች ሰማያዊ ጭምብል ሲያጠልቁላቸው እሱን «የአንተ ፊት እንዳለ ይሁን» ብለው ከፊት ረድፍ አስቀመጡት። ቀረጻው ሳይጀመር ለካሰች ደወለላት።

«በይ፣ ደርሰናል! ነገ ውስጥ ፊት ለፊት ቁጭ ብያለሁ፤ ታዪኛለሽ!»

ትእዛዙ አንድ ነበር፦ ማንም እንዳይነቃነቅ። የዚያች ፕላኔት ሰዎች ልባቸው ቀዝቃዛ ነው ተባለ። በሩ ተከፈተና ጸጉሯ የነጣ ጥቁር ተዋናይት ምርኩዟን ተደግፋ ገባች። እንዳሻው ብድግ አለ።

«ኖር!» አለ፤ እናቱ ቤት ታላቅ ሰው ሲገባ እንደሚባለው፣ መቀመጫውን በእጁ እያሳየ።

ቀረጻው ቆመ። ረዳት ዳይሬክተሩ በትሕትና አስረዳው፤ እንዳሻውም ይቅርታ ጠየቀ። ሴትዮዋ ዳግመኛ ስትገባ ግን ጉልበቱ አልታዘዝ አለውና አሁንም ተነሳ።

«ጌታዬ፣ እነዚህ ሰዎች አይነሱም!» አለ ረዳቱ። «ያለነው ከሺህ ዓመት በኋላ ነው።»

«ኦኬ፣ ገብቶኛል። ግን በሺህ ዓመትስ ቢሆን፣ እሳቸው ቆመው እኔ ልቀመጥ?»

ጭምብል አጠለቁለትና ወደ ኋለኛው ረድፍ፣ ወደ ጨለማው ጥግ ወሰዱት። በእሱ ቦታ ሌላ ሰው ተቀመጠ። ሦስተኛው ቀረጻ ያለ እንከን አለቀ ተባለ። ቤት ሲገባ ካሰች «እንዴት ነበር?» አለችው። «ቆንጆ ነበር» ብሎ ጫማውን ማውለቅ ጀመረ። ፊቱ እንደማይታይ ሊነግራት አፉ አልደፈረም።

ፊልሙ የወጣ ጊዜ ደመቀ ፌርፋክስ ካለ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ትልቁን ስክሪን አስከፍቶ ወዳጅ ዘመድ ሰበሰበ። ካሰች የእሑድ ቀሚሷን ለብሳ መጣች። እንዳሻው አንገቱን ደፍቶ ጥግ ያዘ። የሸንጎው ትዕይንት ደረሰ።

«ከፊት ነው ያለኝ» አለች ካሰች፤ አንገቷን አስግጋ። ከፊት የተቀመጠው ግን የማታውቀው ሰው ነው።

«ሶ፣ መኪናህን ፓርክ አድርገህ ብቻ ነው እንዴ የተመለስከው?» አለ ደመቀ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

እንዳሻው እውነቱን ሊያወጣ ጉሮሮውን ሲጠርግ፣ ስክሪኑ ላይ በሩ ተከፈተ። አሮጊቷ ገባች። ሸንጎው እንደ ድንጋይ ደርቋል። ከወደ ኋላ ብቻ፣ ከሰማያዊዎቹ አንዱ ወገቡን በእጁ ይዞ ቀስ ብሎ ተነሳ፤ ግማሽ ደረሰና ደንግጦ ቁጭ አለ። እንዳሻው ራሱ መነሳቱን ያወቀው ገና አሁን ነው።

«ያውና!» ጮኸች ካሰች። «ያውና የኔ ሰው!»

«የቱ? ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም እንዴ?» አለ ደመቀ።

«ስንት ዘመን አብሬው ኖሬ አነሳሱ ይጠፋኛል? ወገቡን ሲይዝ አላየህም?»

ደመቀ ፊልሙን ወደ ኋላ መልሶ አሳየ። አሁን ሁሉም አየው። አንዱ ከጠረጴዛው «ኖር!» አለ፤ ሌሎቹም «በእግዜር!» እያሉ አጨበጨቡ። እንዳሻው ቀና ብሎ ሚስቱን አየ።

ፊልሙ ቀጠለ። ካሰች ወንበሯን ጎትታ ባሏ አጠገብ ተቀመጠች፤ ዓይኗን ከስክሪኑ አላነሳችም።

«ይህቺ ሴትዮ» አለችው ዝግ ብላ፣ «መጨረሻዋ ምን ይሆናል?»